የአፍሪካን የመጨረሻ በረዶ ፎቶ ለማንሳት ከጅማ ስትነሱ

ጅማ ላይ በረዶ ሲባል ትዝ የሚለን ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው። ግቢውን ነጭ በነጭ ያደርግና ብዙም ሳይቆይ ይቀልጣል። ዓመት ከዓመት የማይጠፋ፣ በራሱ ክብደት ተጨፍልቆ ቀስ እያለ ቁልቁል የሚንሸራተት የበረዶ ግግር ግን አገራችን ውስጥ የለም። ራስ ዳሸን ላይ የሚወርደውም ሰንብቶ ይጠፋል። በአፍሪካ ግግር የቀረው ሦስት ቦታ ብቻ ነው። ታንዛኒያ ኪሊማንጃሮ አለ፣ ኬንያ የኬንያ ተራራ አለ፣ በኡጋንዳና በኮንጎ ድንበር ላይ ደግሞ ሩዌንዞሪ አለ። ሦስቱም ለእኛ ሩቅ አይደሉም። ሦስቱም እያለቁ ነው።

ኪሊማንጃሮ ላይ እ.ኤ.አ. በ1912 ወደ 12 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚጠጋ በረዶ ነበር። በ2011 ሲለካ ከ2 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በታች ሆኗል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት የአፍሪካ ግግሮች እስከ 2050 ሊጠፉ እንደሚችሉ ተናግሯል። ስለዚህ እዚያ ድረስ ለፍታችሁ የምታነሱት ፎቶ ከ10 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ ሌላ ሰው እዚያው ቆሞ የሚያስተያየው ቢሆን ደስ ይለኛል። ከዝግጅቱ ጀምሮ የምነግራችሁ ሁሉ ወደዚያ የሚወስድ ነው።

1. ተራራውንና ወሩን ምረጡ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የኔ ምክር ኪሊማንጃሮ ነው። ከፍታው 5,895 ሜትር ቢሆንም በተለመዱት መንገዶች አብዛኛውን ጊዜ ገመድ አያስፈልግም። በእግር እየተሄደ ግግሩ በቅርብ የሚታይበት ቦታ ይደረሳል።

ኬንያ ተራራ ላይ ተጓዥ የሚወጣው ሌናና የሚባለውን 4,985 ሜትር ጫፍ ነው። እዚያ አካባቢ የሚታየው ሉዊስ የተባለው ግግር ሳይንቲስቶች ለረጅም ዓመታት ሲከታተሉት የኖሩት ነው፤ ዛሬ የቀረው ቁራጭ ነው። ለማነጻጸሪያ ፎቶ ግን ቁራጩም ዋጋ አለው። ሩዌንዞሪ ከሦስቱ ከባዱ ነው። 5,109 ሜትር ወደሆነው ማርጋሪታ ጫፍ ለመውጣት በገመድ ተያይዞ፣ ጫማ ላይ ክራምፖን የሚባለውን ባለ ጥርስ ብረት አስሮ ግግሩን መሻገር ግድ ነው። በጅማ ክረምት ያደገ ሰው የሩዌንዞሪ ጭቃ ላያስፈራው ይችላል። በረዶ ላይ መራመድ ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ኪሊማንጃሮ ላይ ደረቁ ጊዜ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ የካቲት፣ ከዚያም ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ነው። ሁለተኛው እኛ ዘንድ ዝናቡ የሚበረታበት ወቅት ስለሆነ ሰው ይጠራጠራል። እዚያ ግን ደረቅ ነው። ረመዳን የምትጾሙ ከሆነ ጉዞውን ከወሩ ውጭ አድርጉት፤ በዚያ ከፍታ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ መውጣት አደገኛ ነው። የፍስክ ምግብ የማትበሉበት ጊዜ ከሆነ ደግሞ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል እንደማትበሉ ለአስጎብኚው ድርጅት አስቀድማችሁ ንገሩ። የተራራው ወጥ ቤቶች ይህን ለምደውታል።

ታንዛኒያ ውስጥ ፈቃድ ያለው መሪ ሳይዙ ኪሊማንጃሮን መውጣት አይፈቀድም። 7 ወይም 8 ቀን የሚወስደውን ፕሮግራም ምረጡ። የ5 ቀኑ ይረክሳል፤ ነገር ግን ሰውነት ከፍታውን ሳይለምድ ያደርሳችኋልና ብዙ ሰው ከመንገድ የሚመለሰው በእሱ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ኪሊማንጃሮ ይበራል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ አትርሱ፤ ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው ይጠየቃል። የቪዛውን ነገር ከኤምባሲው ጠይቁ። ጫት ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ታንዛኒያ ውስጥ በሕግ የተከለከለ ነው። በዚያ ላይ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ልብ ያስመታል። ተራራ ላይ የምትፈልጉት ተቃራኒውን ነው።

2. እግራችሁን ጅማ ላይ አሠሩት

ከተማችን 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ለሳንባ ትንሽ ትጠቅማለች፣ ለእግር ግን ብዙ። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደው አቀበት ጥሩ መለማመጃ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን በእግር ውጡት። መጀመሪያ ባዶ ቦርሳ፣ ከዚያ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት እያላችሁ ጨምሩ። ጠርሙሱ ጥቅም አለው፤ ጉልበታችሁ ካመማችሁ ውኃውን ደፍታችሁ ቀለል ብሏችሁ ትወርዳላችሁ።

ቁልቁለቱን አትናቁ። ከኪሊማንጃሮ ጫፍ ሰው በአንድ ቀን ከ2,000 ሜትር በላይ ሊወርድ ይችላል፤ ጭኑ የሚሰበረው ያኔ ነው። ቅዳሜና እሑድ ራቅ በሉ። በለጠ ጫካ ውስጥ ረጅም መንገድ ሂዱ። በኦሞ ናዳ በኩል ያለውን ማይጉዶ ተራራን ደግሞ የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ ሞክሩት። ጫማው ከዚያ በፊት በእግራችሁ የተገራ ይሁን።

3. ካሜራውንም እዚሁ አለማምዱት

ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ይወዳል። በረዶ ፊት ሲቆም ብርሃኑ በዛብኝ ብሎ ያጨልመዋል። ይህን ለማየት በረዶ አያስፈልጋችሁም።

ፀሐይ ጠንከር ባለችበት ቀን የታጠበ ነጠላ ገመድ ላይ አስጡ። ቀረብ ብላችሁ ፍሬሙን በነጠላው ሙሉና አንድ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽን የሚለውን፣ የፎቶውን ብርሃን የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን፣ +1 አድርጋችሁ ድገሙ። ቀጥሎ +1.7፣ ቀጥሎ +2.7። አራቱን ጎን ለጎን አስተያዩ። የመጀመሪያው ላይ ነጠላው አመድ ይመስላል። መካከለኞቹ ላይ ነጭ ነው፣ ግን ድርና ማጉ አሁንም ይታያል። የመጨረሻው ላይ ክሩ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ብቻ ይቀራል። የምትፈልጉት ነጭ ሆኖ ክሩ የሚለይበትን ነው። የእናንተ ካሜራ ላይ ያ ስንት ቁጥር እንደሆነ ጻፉት፤ ካሜራ ከካሜራ ይለያያል። ግግሩ ላይ በክሩ ቦታ የምታገኙት የበረዶውን ንብርብር ነው፤ የዓመታት አቧራ መሐል መሐሉ ላይ የገባበት ቀጭን ቀጭን መስመር። እሱ ከጠፋ ፎቶው ስለ በረዶው ምንም አይናገርም።

በስልክ ከሆነ ነጠላው ላይ ነካ አድርጉና የፀሐይ ምልክቷን ወደ ላይ ግፉ። ያው ነው። ካሜራችሁ ሮው ፋይል (ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ምስል) የሚያነሳ ከሆነ እሱን አብሩት፤ ኋላ ለማስተካከል ብዙ ቦታ ይሰጣል።

ሁለተኛው ልምምድ የማታ ነው። መብራት ሲጠፋ ሻማ ለማብራት አትቸኩሉ። ወፍራም ጓንት አጥልቁና ባትሪ ቀይሩ፣ ሜሞሪ ካርድ አውጡና መልሱ፣ ኤክስፖዠሩን ጨምሩ፣ ቀንሱ። ተራራው ላይ ይህን የምታደርጉት በጨለማ፣ በደነዘዘ ጣት ነው። ሌላው ቢቀር የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ ጣታችሁ ይወቅ።

ሦስተኛው ስለ እርጥበት ነው። ባዶ ብርጭቆ ፍሪጅ ውስጥ አሳድራችሁ ጠዋት አውጡት። ወዲያው ላብ ያወጣል። ከብርድ ወደ ሞቀ ድንኳን የገባ ካሜራም ውስጡ እንደዚያ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው። ገና ውጭ ሳላችሁ ካሜራውን ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ አፉን አጥብቃችሁ እሰሩት፤ ከነፌስታሉ ይግባ፣ ሙቀቱን እስኪለምድ አትክፈቱት። እግረ መንገዴን፣ የጅማ ክረምት ሌንስ ላይ ሻጋታ ያበቅላል። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኟቸውን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች አትጣሏቸው፤ ካሜራ ቦርሳ ውስጥ ይግቡ።

4. ከተቻለ ባሌን አስቀድሙ

ሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ሲሆን መኪና እስከ ጫፉ ይደርሳል። በዚያ ከፍታ ራሳችሁን ያማችኋል? ትንፋሽ ያጥራችኋል? ድንበር ሳትሻገሩ ታውቁታላችሁ።

ሌላም ጥቅም አለው። በበረዶ ዘመን ባሌ ላይ ግግር ነበር። ሲሄድ እየገፋ የከመረው ድንጋይ ዛሬም አለ። ጋርባ ጉራቻ የሚባለው ሐይቅ የተኛበት ጎድጓዳ በግግር የተቦረቦረ ነው። እነዚህን ካያችሁ በኋላ ኪሊማንጃሮ ወይም ኬንያ ላይ በረዶው የለቀቀውን መሬት ስታዩ ይገባችኋል። ግግሩ ድሮ እስከየት ደርሶ እንደነበር የሚነግራችሁ ያ የድንጋይ ክምር ነው። ከፎቶአችሁ ውስጥ አታስወጡት።

5. ሻንጣው

ውድ ዕቃ ከውጭ ማስመጣት ሳያስፈልግ ሰልባጅ ተራ ብዙ ይገኛል። ፍሊስ፣ የላባ ጃኬት፣ የበረዶ ሱሪ፣ ወፍራም ጓንት። ዚፑንና ስፌቱን በደንብ አይታችሁ ግዙ። ከሥር የምትለብሱት ጥጥ አይሁን። ጥጥ ላብ ይዞ ይቀራል፣ ከዚያ ያቀዘቅዛል። ጋቢም ለካምፕ ጥሩ ነው፣ ለጫፉ ግን አይሆንም። ያላገኛችሁትን፣ በተለይ ለከባድ ብርድ የሚሆን የመኝታ ከረጢት፣ እዚያው ተከራዩ።

ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ያዙ። ከፍታ ላይ ምግብ ያስጠላል፤ ያኔ በጅማ ማር የተበጠበጠ በሶ በቀላሉ ይወርዳል። ቡና ካዘወተራችሁ ደግሞ መንገድ ላይ በድንገት አታቁሙ። ቡና ያቋረጠ ሰው ራሱን ያመዋል። የከፍታ ሕመምም የሚጀምረው በራስ ምታት ስለሆነ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

ለፎቶው አንድ ካሜራና አንድ ሰፋ ያለ እይታ ያለው ሌንስ ይበቃል። ሌንስ መቀያየር በዚያ አቧራና ብርድ ጣጣ ነው። ሦስት ባትሪ፣ ሁለት ሜሞሪ ካርድ፣ ፓወር ባንክ። ትንሽ ደብተርና እርሳስ ጨምሩ፤ እስክሪብቶ በብርድ አይጽፍም። ድሮን ያለ ፈቃድ አይሞከርም።

6. ከፍታውን በትዕግሥት

ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ዛሬ የምትተኙበት ቦታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ባይል ይመረጣል። በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ ደግሞ እዚያው ተጨማሪ ሌሊት ማደር ጥሩ ነው። የኪሊማንጃሮ ፕሮግራሞች ይህን ሙሉ በሙሉ አይጠብቁም፤ ረጅሙን ምረጡ ያልኩት ለዚህ ነው። በቀን 3 ሊትር ያህል ጠጡ። እያወራችሁ መሄድ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ከመጡ ከፍታ መጨመር አቁሙ። አረማመዱ እንደ ሰካራም ከተወላገደ፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው ግን ውይይት የለም። በሌሊትም ቢሆን ይውረድ። ፎቶ ሊያስቀር የሚገባው ጊዜ ይህ ነው፤ ጓደኛችሁንም ራሳችሁንም አትሸነግሉ። ዳያሞክስ የሚባለውን የከፍታ ሕመም መድኃኒት በተመለከተ ጅማ ሳላችሁ ሐኪም አማክሩ። ሰልፋ ለሚባሉት መድኃኒቶች አለርጂ ያለበት አስቀድሞ ይናገር።

7. የመጨረሻዋ ሌሊት

ወደ ጫፉ ጉዞ የሚጀመረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪን ያልፋል፣ ንፋስ ካለ ይብሳል። ካሜራው ከውጭ በቦርሳ፣ ባትሪዎቹ ከውስጥ በደረት ኪስ ይሁኑ። ባትሪ ሲቀዘቅዝ ያለቀ ይመስላል፤ ሲሞቅ ይመለሳል። ስልክ ባትሪው ስለማይወጣ ራሱ ከውስጥ ይግባ። ማታውኑ ካምፕ ውስጥ ሁሉን አስተካክላችሁ ጨርሱ፦ የነጠላው ቁጥር ገብቷል፣ ካርዱ ባዶ ነው፣ ሰዓቱና ቀኑ ልክ ነው።

8. ግግሩ ፊት

ኪሊማንጃሮን በማቻሜ ወይም በሌሞሾ መንገድ ከሆነ የምትወጡት ንጋት ላይ ስቴላ ፖይንት የሚባለው የእሳተ ገሞራው ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ትደርሳላችሁ። ከዚያ የተራራው ከፍተኛ ቦታ እስከሆነው ኡሁሩ ጫፍ አንድ ሰዓት ያህል ነው። በግራ በኩል የደቡቡ ግግሮች ይታያሉ፤ በቀኝ በኩል ወደ እሳተ ገሞራው ጉድጓድ ስታዩ ፉርትቫንግለር የሚባለው ግግር ቅሪት አለ። ፀሐይዋ ከኋላችሁ ከምሥራቅ ትወጣለች። ብርሃኑ ዝቅ ብሎ በጎን ስለሚመታው የበረዶው ግድግዳ ላይ ያለው ስንጥቅና ንብርብር ጎልቶ ይወጣል። ፀሐይ ከፍ ስትል ይህ ሁሉ ጠፍጣፋ ይሆናል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ጫፉ ላይ ያለው ምልክት ጋ ፎቶ ለመነሳት ሲሮጥ እናንተ መንገድ ላይ ቆም በሉ። ጫፉ የትም አይሄድም።

የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት 1/250 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ፈጣን አድርጉ፤ እጅ ይንቀጠቀጣል። አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን) 8 አካባቢ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) በተቻለ መጠን ዝቅተኛ። ዋይት ባላንስ (የቀለም ማስተካከያው) ዴይላይት ላይ ይቁም። ሰማያዊው እውነተኛ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ በረዶ ቀዩን ብርሃን ስለሚውጥ ሰማያዊው ነው ወደ ዓይን የሚመለሰው። ካነሳችሁ በኋላ ሂስቶግራሙን፣ የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ፣ እዩ። ቀኝ ጠርዝ ላይ ከተከመረ በረዶው ተቃጥሏል፣ ማለትም ባዶ ነጭ ሆኗል፤ ትንሽ ቀንሱ። ፖላራይዘር የሚባለው ሌንስ ላይ የሚገጠም ማጣሪያ አያስፈልግም፤ በዚያ ከፍታ ሰማዩን ጥቁር ያደርገዋል።

በረዶው የሚያክለውን ለማሳየት ሰው አስገቡ። ግን ሰውየው መንገዱ ላይ ይቁም። ከበረዶ ግድግዳ ሥር አይቆምም፤ ሳይታሰብ ይናዳል። ግግሩ ላይም ያለ መሪና ያለ ገመድ አይወጣም። ስንጥቁን ትኩስ በረዶ ይሸፍነዋል፣ ከላይ አይታይም። ተሸካሚዎቹን ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቋቸው። የፀሐይ መነጽር ከዓይናችሁ ብዙ አይውለቅ፤ አዲስ በረዶ ከሚያርፍበት ጎጂ ጨረር እስከ 80 በመቶ ይመልሳል።

9. ለሚቀጥለው ሰው የሚሆነውን ፎቶ አንሱ

እ.ኤ.አ. በ1906 ጣልያናዊው ፎቶግራፈር ቪቶሪዮ ሴላ ሩዌንዞሪ ላይ ግግሮቹን አንስቷል። ያኔ እዚያ የነበረው በረዶ ወደ 7.5 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር፤ መቶ ዓመት ሳይሞላ ወደ 1.5 ወርዷል። የእሱን ፎቶዎች ዛሬ ከቦታው ጋር ማስተያየት የሚቻለው የት ቆሞ እንዳነሳ ስለሚታወቅ ነው። እናንተም እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ የማይነቃነቅ መቆሚያ ፈልጉ። ከመሬት የበቀለ አለት ይሁን። ግግሩ የከመረው ልቅ ድንጋይ ይንሸራተታልና አይታመንም። ቀጥሎ በፊታችሁ አንድ ቅርብ የሆነ የአለት ጫፍና አንድ ሩቅ ጫፍ ምረጡ። ሁለቱ በአንድ መስመር እስኪገጥሙ ድረስ ግራና ቀኝ ተንቀሳቀሱ። ግማሽ ሜትር ስትሄዱ እንኳ ቅርቡ ከሩቁ ላይ ፈቀቅ ሲል ታያላችሁ። ሲገጥሙ ቁሙ። ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ሰው ፎቶአችሁን ይዞ ሁለቱን ጫፎች ሲያጋጥም እናንተ የቆማችሁበት ላይ ራሱን ያገኘዋል። ጂፒኤስ በጥቂት ሜትር ሊሳሳት ይችላል፤ ይህ ግን አይሳሳትም።

ግግሩ በረዶ ከሌለው አለት ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ፍሬም ውስጥ ይግባ። ዋናው መረጃ እሱ ነው። ትናንት በረዶ ወርዶ ከሆነ ጠርዙ ስለሚሸፈን ያንኑ ጻፉ። ዙም ያለ ፎቶ ሳይሆን የሌንሱ መደበኛ እይታ ይሁን፤ በስልክ 1 እጥፍ ላይ። ከዚያ ካሜራውን ወደ እግራችሁ አዙሩና የቆማችሁበትን አለት አንሱ፤ ወደ አራቱም አቅጣጫ አንድ አንድ ጨምሩ። አለቱ ላይ ቀለም አትቀቡ፣ ድንጋይ አትከምሩ።

ደብተራችሁ ላይ ደግሞ ይህን ጻፉ፦ የስልኩ ጂፒኤስ የሚሰጠውን ቁጥር (ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል)፣ ኮምፓሱ የሚያሳየውን አቅጣጫ፣ የሌንሱን ሚሊ ሜትር፣ ሰዓቱን፣ ቀኑን። ሰዓቱ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ታንዛኒያና ኬንያ በሰዓት ቀጠና ከእኛ ጋር አንድ ናቸው፤ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ይቆጥራሉ። ጽሑፍ ላይ ግን የፈረንጁን ይጠቀማሉ። የትኛውን እንደጻፋችሁ ግለጹ። ቀኑማ ከሰዓቱም ይብሳል። ዓመተ ምሕረቱ የእኛ ይሁን የፈረንጅ ካልተለየ ፎቶው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይዛባል። በዚህ ዕድሜ ላይ ላለ ግግር 8 ዓመት ብዙ ነው።

10. ስትመለሱ

ገና ሆቴል ሳላችሁ ፎቶውን ሁለት ቦታ ገልብጡ። ለማኅበራዊ ሚዲያ ያስዋባችሁት ሌላ ፋይል ይሁን፤ ዋናውን አትንኩት፣ ጠርዙንም አትቁረጡ። የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ከምስሎቹ ጋር በአንድ ፎልደር አስቀምጡ። ቅጂውን ለፓርኩ ቢሮ፣ እዚህ ደግሞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ለሚያስተምሩ መምህራን ስጡ። ለተማሪዎቻቸው ካርታ ላይ ያለውን ግግር ከጅማ ሄዶ የመጣ ሰው ባነሳው ፎቶ ያሳዩበታል። ፎቶውን ስትለጥፉም ከሥሩ የቆማችሁበትን የጂፒኤስ ቁጥርና ቀኑን ከነዓመተ ምሕረቱ ጻፉ፤ ለመውጣት እየተዘጋጀ ያለ ሰው ካለም ደብተሩን ላኩለት።